ልጄ ነጠላ ቴኒስን ትቶ እንደ ዳንኤል ኔስተር በጥንድ ብቻ ይጫወት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ቶሮንቶ ነው። ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ቴኒስ ይጫወታል። በነጠላ ውድድር ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዙር ላይ ይወድቃል። ከጓደኛው ጋር በጥንድ ሲገባ ግን ፍጻሜ መድረስ ለምዷል። አሰልጣኙ ነጠላውን ትቶ፣ ዩኒቨርሲቲውንም ለጊዜው አቆይቶ፣ በጥንድ ብቻ ፕሮፌሽናል እንዲሆን ይመክራል። ምሳሌ የሚያደርግልን ዳንኤል ኔስተርን ነው፤ እንደ እኛ ልጆች ከውጭ መጥቶ ቶሮንቶ ያደገ፣ በነጠላ አልሆን ሲለው ወደ ጥንድ የዞረ፣ እስከ 46 ዓመቱ ተጫውቶ ሚሊዮኖች ያገኘ ሰው ነው ይለናል። ጥንድ ይቀላል፣ ዕድሜም ይሰጣል ባይ ነው። እውነት ነው ወይ? ምን እናድርግ?»

አይተው። ነጠላውንም አይተው፣ ዩኒቨርሲቲውንም አያቆይ። ይህን የምለው ጥንድን ንቄ አይደለም፤ እኔ ራሴ ከነጠላ ይልቅ ጥንድ ማየት የምወድ ሰው ነኝ። ግን አሰልጣኙ የጠራው ሰው የሥራ ዘመን ከመጀመሪያው ሲነበብ የሚያሳየው አሰልጣኙ ካላችሁ ሌላ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ኔስተር በ1972 ቤልግሬድ ተወለደ፤ ቤተሰቡ ወደ ካናዳ ሲሻገር አራት ዓመቱ ነበር። በ1991 ፕሮፌሽናል ሆነ። ስሙ መጀመሪያ የገነነው በጥንድ ጨዋታ አልነበረም። በ1992 ጥር መጨረሻ ካናዳ በዴቪስ ካፕ (የአገሮች የቡድን ውድድር) ስዊድንን ቫንኩቨር ላይ ስታስተናግድ፣ በዓለም 238ኛ የነበረው የ19 ዓመቱ ኔስተር የወቅቱን የዓለም አንደኛ ስቴፋን ኤድበርግን በአምስት «ሴት» አሸነፈ። («ሴት» ስል የጨዋታውን ክፍል ማለቴ ነው፤ ለዚህ ቃል የማያሳስት አማርኛ እስካሁን አላገኘንለትም።) ካናዳ በጠቅላላ ውጤት 3 ለ 2 ተሸነፈች፤ የልጁ ስም ግን ከዚያ ቀን በኋላ ታወቀ። ይህ ድል የነጠላ ድል ነው።

ከዚያም በኋላ ነጠላውን አልጣለም። በ1990ዎቹ ሁለቱንም ጎን ለጎን ተጫወተ፤ በ1999 በነጠላ ከዓለም 58ኛ ደረሰ፣ በዚያው ዓመት ዊምብልደን ላይ አራተኛ ዙር ገብቶ በፒት ሳምፕራስ ተሸንፎ ወጣ። በነጠላ ዋንጫ አላነሳም፤ አሰልጣኙ ይህን ይዞ ከሆነ «አልሆን ሲለው» ያለው፣ ልክ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን 58ኛ ማለት አራቱም ግራንድ ስላም (ታላላቆቹ ውድድሮች፦ የሜልበርኑ አውስትራሊያ ኦፕን፣ የፓሪሱ ሮላን ጋሮስ፣ የለንደኑ ዊምብልደንና የኒው ዮርኩ ዩኤስ ኦፕን) ውስጥ ያለ ማጣሪያ በቀጥታ የሚገባ ተጫዋች ማለት ነው። የኔስተር «አለመሳካት» ይህ ነው። ልጅዎ ደግሞ ገና በአገር ውስጥ የታዳጊዎች ውድድር ሦስተኛ ዙር ላይ እየወደቀ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራት የለባቸውም።

የጥንዱ ታሪክም ቢሆን አሰልጣኙ እንደሚያወራው አቋራጭ አልነበረም። ኔስተር ከባሃማሱ ማርክ ኖልስ ጋር ተጣምሮ በ1994 ዋንጫ ማንሳት ጀመረ። ከዚያ በ1995 አውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ደርሰው ተሸነፉ። በ1998 ፓሪስ ላይ ፍጻሜ ደርሰው ተሸነፉ፤ በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላይም እንደዚያው። በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ከሴባስቲያን ላሮ ጋር ሆኖ የአትላንታ ወርቅ ባለቤቶች የነበሩትን አውስትራሊያውያን ቶድ ዉድብሪጅንና ማርክ ዉድፎርድን በገዛ አገራቸው ሕዝብ ፊት አሸንፎ ወርቅ አጠለቀ፤ ካናዳ በቴኒስ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳልያ ነው። የግራንድ ስላም የጥንድ ዋንጫ የጨበጠው ግን በ2002 ሜልበርን ላይ ነው፤ 29 ዓመቱ ነበር። ፕሮፌሽናል ከሆነ አሥራ አንደኛ ዓመቱን ይዞ ነበር ማለት ነው። ከእነዚያ ዓመታት ብዙው ያለቀው በግራንድ ስላም ሽንፈትና ነጠላ በመጫወት ነው፤ ይህን ክፍል የሚተርክ ሰው አላጋጠመኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝና በእርግጥ ትልቅ ነው። ከኖልስ ጋር በ2004 ዩኤስ ኦፕንን፣ በ2007 ሮላን ጋሮስን ወሰደ፤ ከሰርቢያዊው ኔናድ ዚሞንጂች ጋር ዊምብልደንን በ2008ና በ2009፣ ሮላን ጋሮስን በ2010፤ ከቤላሩሱ ማክስ ሚርኒ ጋር ሮላን ጋሮስን በ2011ና በ2012 ደገመ። በወንዶች ጥንድ ስምንት፣ በድብልቅ (ወንድ ከሴት ጋር በሚጣመርበት) ጥንድ አራት ግራንድ ስላም አሉት። በጠቅላላው 91 የጥንድ ዋንጫ አንስቷል፤ 108 ሳምንት የዓለም አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ በ2016 መጀመሪያ በጥንድ 1,000 ጨዋታ በማሸነፍ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። የስንብት ጨዋታውን በመስከረም 2018 እዚያው ቶሮንቶ ውስጥ በዴቪስ ካፕ ከኔዘርላንድ ጋር አደረገ፤ 46 ዓመት ከሞላው ሁለት ሳምንት አልሆነውም ነበር።

«ጥንድ ይቀላል» የሚለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የነጠላ ሜዳ ስፋቱ 8.23 ሜትር ነው፤ የጥንድ 10.97። ለሁለት ሲካፈል አንድ ሰው የሚጠብቀው አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሩጫው ያንሳል። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በኤቲፒ (የወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር) የጥንድ ውድድሮች ሁለቱም ወገኖች 40 እኩል ሲሆኑ የሚወስን አንድ ነጥብ ብቻ ይጫወታሉ፣ አንድ ለአንድ «ሴት» ሲወጡም ሦስተኛው ቀርቶ እስከ 10 ነጥብ የሚቆጠር አጭር መለያ (ታይ ብሬክ) ይገባሉ። ጨዋታው ያጥራል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያርፋል። ሕንዳዊው ሮሃን ቦፓና በ43 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም አንደኛ ሆኖ አውስትራሊያ ኦፕንን በ2024 ያሸነፈው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ስለዚህ ዕድሜ ይሰጣል የሚለው እውነት ነው።

ከሩጫው የተቀነሰው ግን ከጊዜው ላይ ተጨምሮ ይከፈላል። አራት ሰው መረብ አጠገብ ሲቆም ኳስ ለማየትና ለመወሰን ያለህ ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ነው። ሰርቭህ (ጨዋታ የሚጀመርበት ምት) ፈጣን መሆኑ አይበቃም፤ ጓደኛህ ወዴት እንደሚዘልል አውቀህ ለእሱ የሚመች ቦታ ላይ ማሳረፍ አለብህ። ሰርቭ ስትመልስ መረቡ ላይ የቆመው ሰው እንዳይጠልፍብህ አግድም፣ ዝቅ አድርገህ፣ እየሮጠ በሚመጣው ሰው እግር ሥር መጣል አለብህ። የኔስተር ሀብት ይህ ነበር፦ 1.90 ሜትር ቁመት፣ የግራ እጅ ሰርቭ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰርቭ አመላለስ። ግራኝ ሰው ከሜዳው ግራ በኩል ሰርቭ ሲመታ ኳሱ ተጠማዞ የቀኝ እጅ ተጫዋቹን ከሜዳ ውጭ ይጎትተዋል፤ መሃሉ ክፍት ይቀራል፤ ጓደኛው ይገባበታል። ልጅዎ ግራኝ ከሆነ ይህን ሰርቭ ከዛሬ ጀምሮ ይሥራበት፤ በነጠላም ይከፍለዋል። በ40 እኩል ላይ አንድ ነጥብ ብቻ መጫወቱም ሌላ መዘዝ አለው፦ ደካማውና ጠንካራው የሚለያዩበት ርቀት ይጠብባል፣ ዕድል ቦታ ያገኛል። አንድ ሳምንት ሻምፒዮን የሆነ ጥንድ በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ዙር ላይ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ወላጆች ወደማይነገራቸው። ችግሩ ጨዋታው ሳይሆን በሩ ነው። የጥንድ ደረጃ የሚሰጠው ለጥንዱ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው በየራሱ ነው፤ ወደ ውድድር ለመግባት ደግሞ የሁለቱ ደረጃ ይደመራል፣ ድምሩ ያነሰ ይቀድማል። በብዙ ውድድሮች ተጫዋቹ ለመመዝገቢያ የነጠላ ደረጃውን መጠቀም ይችላል። ስሌቱን እንየው። ልጅዎ ብዙ ለፍቶ በጥንድ 95ኛ ደረሰ እንበል፤ ጓደኛው 105ኛ። ድምሩ 200 ነው። በነጠላ 40ኛና 60ኛ የሆኑ፣ ከዚያ ሳምንት በፊት አብረው ተለማምደው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ለገንዘቡ ወይም ለመለማመጃ ያህል ተመዝግበው ቢመጡ ድምራቸው 100 ነው። እነሱ ይገባሉ። በኤቲፒ 250 (ከኤቲፒ ዋና ዋና ውድድሮች አነስተኛው ደረጃ) ውድድር የጥንዱ ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ 16 ጥንድ ብቻ ስለሆነ፣ ልጅዎ ሆቴል ተቀምጦ የሚወጣ ሰው ይጠብቃል።

ነጠላ የሚጫወት ሰው በአንድ የአውሮፕላን ትኬት ሁለት ዕድል አለው፤ ሰኞ በነጠላ ቢሸነፍ ረቡዕ በጥንድ ይጫወታል። ጥንድ ብቻ የሚጫወት አንድ ዕድል አለው፤ እሱም በታይ ብሬክ በሁለት ነጥብ ሊያልቅ ይችላል። ኔስተር በ1990ዎቹ ወደ ትልልቆቹ መድረኮች ያለ ችግር ይመላለስ የነበረው በሁለቱም በኩል በር ስለነበረው ነው። በጥንድ ብቻ መኖር የቻለው የጥንድ ደረጃው ራሱ በር መክፈት ከጀመረ በኋላ ነው። ለልጅዎ የሚመከረው ግን አንደኛውን በር ገና ሁለተኛው ሳይኖር እንዲዘጋ ነው።

በታችኛው ደረጃ ያለው ሒሳብ ከዚህ ይብሳል። ሁሉም የሚጀምርበት ትንሹ የአይቲኤፍ (ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን) ውድድር ጠቅላላ ሽልማቱ 15,000 ዶላር ነው፤ ከዚህ ውስጥ የጥንድ አሸናፊዎች ለሁለት የሚካፈሉት 1,000 ዶላር አይሞላም። ሻምፒዮን ሆነው ማለቴ ነው። ከቶሮንቶ ቱኒዚያ ወይም ቱርክ ደርሶ መመለስ፣ ማደሪያ፣ የራኬት ጅማት፣ ምግብ ሲደመር ዋንጫ ይዞ ዕዳ ውስጥ መግባት ነው። እነዚህ ውድድሮች ላይ ሁለትና ሦስት ዓመት መቆየት የተለመደ ነገር ነው።

ላይ ያለው ገንዘብስ? የ2024 ዊምብልደንን እንውሰድ። የነጠላ ሻምፒዮን 2.7 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደ፤ የጥንድ ሻምፒዮኖች ለሁለት 650,000፣ ለአንድ ሰው 325,000 ማለት ነው። የስምንት እጥፍ ልዩነት ነው። በነጠላ መጀመሪያ ዙር ተሸንፎ የወጣ ሰው ብቻ 60,000 ፓውንድ ይዞ ሄዷል። የኔስተር የዕድሜ ልክ የሽልማት ገንዘብ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ለ27 ዓመት ሲካፈል ግን በዓመት ግማሽ ሚሊዮን አይሞላም። ከዚህ ላይ ውድድሩ የተደረገበት አገር ግብር ይቆርጣል፣ አሰልጣኝ ይከፈላል፣ በዓመት ሠላሳ ሳምንት ገደማ መንገድ ላይ ይታደራል። ጥሩ ኑሮ ነው፣ አልክድም። ግን ይህ በጥንድ ታሪክ ከታዩት ጥቂት ምርጦች የአንዱ ገቢ መሆኑን አይርሱ። በጥንድ 80ኛ የሆነ ሰው የሚያገኘው ከዚህ ጋር አይነጻጸርም፤ ስፖንሰር ማግኘትም ለእሱ ሕልም ነው፣ ምክንያቱም የጥንድ ጨዋታ ቴሌቪዥን ላይ እምብዛም አይታይም።

ይህ ሥራ ራሱ ዋስትና እንደሌለው ለማወቅ ወደ 2005 መመለስ ይበቃል። ኤቲፒ ወደ ጥንድ የሚገቡት በዋናነት ነጠላ የሚጫወቱ ሰዎች እንዲሆኑ የሚያደርግ ደንብ አወጣ፤ ዓላማው ታዋቂዎቹን ወደ ጥንድ ማምጣት ነበር፣ ውጤቱ ግን የጥንድ ባለሙያዎችን ከሥራ ማስወጣት ይሆን ነበር። የጥንድ ተጫዋቾች ሂውስተን ላይ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ አሜሪካውያኑ መንትዮች ቦብና ማይክ ብራያን ከፊት ነበሩ። ነገሩ ኋላ በስምምነት ተፈታ። ከላይ የጠቀስኩት አጭሩ የአቆጣጠር ዘዴም የዚያው ድርድር ልጅ ነው። እነዚያ መንትዮች በሥራ ዘመናቸው በጠቅላላ 119 ዋንጫ አብረው አነሱ፤ ደንቡ እንደተጻፈ ቢጸና ኖሮ ግን ምን ይሆኑ እንደነበር አስቡት። ነገሩ ዛሬም አላለቀም። በ2025 ዩኤስ ኦፕን ድብልቅ ጥንድን ከዋናው ውድድር በፊት ባለው ሳምንት፣ በ16 ጥንድ ብቻ፣ በአብዛኛው በነጠላ ኮከቦች አስሞላው፤ ለአሸናፊዎቹ 1 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። ሣራ ኤራኒና አንድሬያ ቫቫሶሪ፣ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮኖችና የጥንድ ሰዎች፣ ፍጻሜው ላይ ኢጋ ሽቪዮንቴክንና ካስፐር ሩድን አሸንፈው ወሰዱት። ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። ሆኖም ሌሎቹ የጥንድ ባለሙያዎች በዚያ ሳምንት በር ላይ ነበሩ።

ስለ ጓደኛው ጉዳይም ልናገር። ልጅዎ በጥንድ ፍጻሜ የሚደርሰው ከአንድ ሰው ጋር ነው። ከሌላ ሰው ጋርስ? ታዳጊዎች ውስጥ ብርቱ የነጠላ ልጆች ጥንድን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል ወይም ሳይለማመዱ ይገቡበታል፤ አብረው የለመዱ ሁለት ልጆች በመናበብ ብቻ ብዙ ርቀት ይሄዳሉ። ይህ ችሎታ አይደለም አልልም፣ ግን ከዕድሜው ጋር ያልፋል። ኔስተርና ኖልስ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው በ2007 መጨረሻ ተለያዩ። ኔስተር ታላቅ መሆኑ የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው ባይ ነኝ፦ አዲስ ሰው ይዞ በመጀመሪያው ዓመት ዊምብልደንን ወሰደ፤ ያም ሲያበቃ በሌላ አዲስ ሰው ፓሪስን ሁለት ጊዜ። ልጅዎን በዚህ ይፈትኑት። በመጪዎቹ ስድስት ወራት ከሦስት የተለያዩ ልጆች ጋር ይጣመር፤ አንዱ ከእሱ የሚያንስ ይሁን። ውጤቱ ካልወረደ ችሎታው የእሱ ነው።

ዩኒቨርሲቲን ማቆየት የሚለው ምክር ለእኔ ከሁሉ የከፋው ነው። በአሜሪካ የኤንሲኤኤ (የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር) ቴኒስ ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ ሰባት ነጥብ አለ፦ ሦስት የጥንድ ጨዋታዎች ተደምረው አንድ ነጥብ፣ ስድስት የነጠላ ጨዋታዎች ስድስት ነጥብ። የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው በዚህ ሒሳብ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቅዎትም የልጁን የነጠላ የዩቲአር (የተጫዋች ጥንካሬ መለኪያ) ቁጥር ነው። በአይቲኤፍ የታዳጊዎች ደረጃም ከጥንድ የሚገኘው ነጥብ የሚቆጠረው ሩቡ ብቻ ነው። ልጁ በ17 ዓመቱ ነጠላውን ቢተው፣ በጥንድ ጎበዝ ነው ብሎ የሚወስደው ትምህርት ቤት አይኖርም። ይዞ ቢቀጥል ግን አራት ዓመት በነፃ ወይም በግማሽ ክፍያ አሰልጣኝ፣ ሜዳ፣ ሐኪም፣ በየሳምንቱ የጥንድ ጨዋታ ያገኛል፤ በዚያ ላይ ዲግሪ።

የዛሬዎቹን የጥንድ ሰዎች ይዩአቸው፤ ብዙዎቹ የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ዩኤስ ኦፕንን ከ2021 እስከ 2023 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የወሰዱት ራጂቭ ራምና ጆ ሳልስበሪ፣ አንዱ ኢሊኖይ አንዱ ሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ተጫውተዋል። በ2023 የዓለም አንደኛ የሆነው ኦስቲን ክራይቼክ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ልጅ ነው። የ2024 ዊምብልደን ሻምፒዮን ሄንሪ ፓተን ሰሜን ካሮላይና አሽቪል የተማረ ሲሆን፣ በተማሪነቱ ዊምብልደን ሜዳ ዳር ተቀምጦ የሌሎችን ጨዋታ መረጃ ይመዘግብ ነበር። አጋሩ ፊንላንዳዊው ሃሪ ሄሊዮቫራ ደግሞ ቴኒስን ጨርሶ ትቶ ሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ሁለቱ ፍጻሜው ላይ ሦስት የመሸነፊያ ነጥብ አድነው ዋንጫውን አነሱ። በ17 ዓመቱ «እኔ የጥንድ ሰው ነኝ» ብሎ ጀምሮ እዚያ የደረሰ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ቮሊዋ (ኳስ መሬት ሳይነካ የምትመታው ምት) እጅግ የሚያምር አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከመስመር ጀርባ ቆማ መመላለስ አይሆንላትም ነበርና ነጠላውን ቀንሳ ጥንድ ላይ እንድታተኩር መከርኳት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰርቭ አመላለሷ ወረደ። ምክንያቱን ዘግይቼ ነው የገባኝ፦ በጥንድ የምትመልሰው የሰርቮቹን ግማሽ ነው፤ ረጅም ምልልስም የለም። የመሬት ኳሷን በሕይወት ያቆየው የነጠላው ልፋት ነበር። ስለዚህ ነጠላ ለጥንድ ተጫዋች ተቀናቃኝ ሳይሆን ቀለብ ነው ብዬ የምናገረው ከዚያ ልጅ ተምሬ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ልጁ እስከ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ድረስ በየውድድሩ ሁለቱንም ይመዝገብ። ከሳምንቱ ልምምድ ሁለት ሦስተኛው ለነጠላ፣ አንድ ሦስተኛው ለጥንድ ይሁን፤ የጥንዱ ሰዓት በጨዋታ ብቻ ሳይሆን በሰርቭ አቀማመጥ፣ በመጀመሪያ ቮሊና በአመላለስ ይለቅ። የነጠላው ችግር ምን እንደሆነ ደግሞ አሰልጣኙ በግልጽ ይንገራችሁ፤ ሦስተኛ ዙር ላይ የሚወድቀው ጉልበት አንሶት ነው፣ ሁለተኛ ሰርቩ ደክሞ ነው፣ ወይስ ብቻውን ሲሆን ይረበሻል? ይህ ሦስተኛው በታዳጊዎች ብዙ ነው፤ ጓደኛ አጠገቡ ሲኖር የሚጠፋ ፍርሃት በነጠላ አለመቻል ተብሎ ይተረጎማል። ወደ ዩኒቨርሲቲ በነጠላ ቁጥሩ ይግባ፣ እዚያ ጥንድ ይጫወት፣ በ22 ወይም በ23 ዓመቱ በአገር ደረጃ ከምርጦቹ የጥንድ ተጫዋቾች አንዱ ከሆነ ያኔ ሁለት ዓመት ይሞክረው። ያኔ እኔም እደግፋለሁ።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ሽልማት የሚከፍሉ ውድድሮች ላይ ከመግባቱ በፊት የኤንሲኤኤን ደንብ ይወቁ፤ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚወሰድ ገንዘብ ላይ ገደብ ነበረ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ተመርቆ ብዙ ወራት የሚያሳልፍ ተጫዋችም የመጫወት መብቱ ሊነካ ይችላል። ደንቡ በእነዚህ ዓመታት እየተቀያየረ ስለሆነ ከአሰልጣኝም ከእኔም አፍ አይውሰዱት፤ ልጁ የሚያመለክትባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች የደንብ ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለተኛው ትከሻው ነው፦ በአንድ ቀን ነጠላም ጥንድም ሲጫወት የሚመታቸው ሰርቮች ይደራረባሉ፤ በ17 ዓመት ገና እያደገ ያለ ትከሻ ሕመም ካሳየ ዕረፍትና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንጂ «ይለምደዋል» የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛው የሚጠየቁት ክፍያ ነው። «የጥንድ ፕሮግራም» በሚል ስም ለዓመት አስቀድሞ የሚያስከፍሉ ቦታዎች አሉ። አሰልጣኙ ይህን ምክር ሲሰጥ አብሮ የሚፈረም ውል ካቀረበ፣ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ከእሱ እጅ በጥንድ ብቻ ወጥተው በዓለም ከመጀመሪያዎቹ 200 ውስጥ የገቡ ተጫዋቾች ስም ማን ማን ነው? ስም ካልጠራ ውሉን ይመልሱለት፤ ገንዘቡንም ለበጋው የነጠላና የጥንድ ውድድሮች መጓጓዣ ያውሉት።